አይከፋም

በእኛ ከተማ ሰው ሲሻለውም «አይከፋም» ይላል፣ ሊሞት ሲልም «አይከፋም» ይላል። አባቴ ብረት ማዕድኑ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ጣቶቹን መፍጫው በልቶበት፣ እጁን ከነጓንቱ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ፒካፑን ራሱ እየነዳ ቤት ገባና እናቴን «ትንሽ ተቆረጥኩ» አላት። እናቴ ጓንቱን ስታወልቅ ጣቶቹ እዚያው ውስጥ ቀሩ። ሰባት ዓመቴ ነበር። «ትንሽ» ማለት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልግም፤ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው።

ይህን ማስቀደሜ ሰበብ ለመደርደር አይደለም። ሰበብ እንደሌለኝ ከመጀመሪያው እንዲታወቅልኝ ነው።

ማርሊስ እባላለሁ። በሚኒሶታ ሰሜን ጫፍ ባለችው ከተማችን ሆስፒታል ውስጥ የመድኃኒት ሙከራ አስተባባሪ ነኝ። ያን ጊዜ የያዝነው ጥናት ጠባሳ እየያዘ ለሚደርቅ ሳንባ የተሠራ አዲስ ኪኒን ነበር። ከተሳታፊዎቹ ግማሾቹ እውነተኛውን ኪኒን፣ ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ኪኒን ይወስዳሉ። የትኛው ለማን እንደደረሰ እኔም ሐኪሙም አናውቅም፤ የሚያውቀው ሩቅ ቦታ ያለ ኮምፒውተር ነው። ከከተማችን አሥራ ስምንት ሰዎች ገብተዋል፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ዕድሜያቸውን ጉድጓዱ ውስጥ የጨረሱ ወንዶች ናቸው። ሳንባቸው ለምን እንደደረቀ ሐኪሞቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኛ አንከራከርም።

ተሳታፊዎቹ በየወሩ ይመጣሉ። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ቃሉ የተጻፈ ነው፤ «ከባለፈው ጉብኝትዎ ወዲህ ጤናዎ እንዴት ነበር?» በቃ። ከዚህ በላይ መጨመር ክልክል ነው። ራስዎን አመመዎት ወይ፣ ሆድዎ እንዴት ነው፣ ሰገራዎ ምን ይመስላል ብዬ ብጠይቅ ሕመሙን በአፋቸው አስቀመጥኩ ይባላል። የመለሱልኝን ቃል በቃል እጽፋለሁ።

ጥናቱ በተጀመረ ሰሞን እንደዚያ አልሠራሁም። «‹አይከፋም› ብለዋል፤ ነገር ግን ፊታቸው አመድ መስሏል» ብዬ ጻፍኩ። ፕሬስተን የሚባለው ተቆጣጣሪ በየስድስት ሳምንቱ ከሚኒያፖሊስ እየመጣ ወረቀቶቼን ያያል። ዕድሜው ከልጄ የማይበልጥ፣ በጃንዋሪ ብርድ ስስ የከተማ ጫማ አድርጎ የሚመጣ ሰው ነው። በቀይ አሰመረበትና «ማርሊስ፣ የሰማሽውን ጻፊ እንጂ የገመትሽውን አትጻፊ» አለኝ። እኔ መች ገመትኩ፣ ያየሁትን ነው። ተናደድኩ፤ ተናድጄም ማስተካከያው ላይ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲያ የሰማሁትን ብቻ ጻፍኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ሆንኩ።

ሬይኖ ላህቲ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጉድጓዱ ውስጥ ትልቁን መኪና ነድተዋል፤ ከአባቴ ጋር በአንድ ፈረቃ ነበሩ። ቁመታቸው ረጅም፣ ጆሯቸው ትልቅ፣ ሳቃቸው በአፍንጫ። ሲመዘገቡ የስምምነቱን ቅጽ ሃያ ሁለቱንም ገጽ አነበቡ፤ ከተሳታፊዎቼ ሁሉ እንዲህ ያደረጉ እሳቸው ብቻ ናቸው። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና ጠየቁኝ።

«ይሄ ነገር ከሠራ፣ ሰው እጅ የሚገባው መቼ ነው?»

«ሁሉም ነገር ከተሳካ በሦስትም በአራትም ዓመት።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ዴል ያኔ አርባ ሰባት ይሞላዋል።»

ዴል ልጃቸው ነው፤ አንድ ልጅ። አሁንም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚሠራው።

«ሳል ይዞታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ትንሽ» አሉና ፈረሙ።

እንግዲህ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሬይኖ ለምን እንደሚመጡ አውቅ ነበር። ለራሳቸው አልነበረም።

ከጥያቄው ቀጥሎ ያለው የእግር ጉዞ ነው። ሠላሳ ሜትር ኮሪደር፣ በሁለቱ ጫፍ ብርቱካናማ ቀለም ያለው የፕላስቲክ ሾጣጣ። ተሳታፊው ስድስት ደቂቃ ሙሉ ሾጣጣዎቹን እየዞረ ይመላለሳል፤ እኔ ሰዓት ይዤ እቆማለሁ። እዚህም የምናገረው የተጻፈ ነው፤ «ጥሩ እየሄዱ ነው፤ አራት ደቂቃ ቀርቶዎታል።» በርቱ ማለት አይፈቀድም። ሬይኖ በዚህ ይስቁብኝ ነበር።

«አባትሽ ቢያይሽ ምን ይል ነበር? ሽማግሌ እንደ ወፍጮ በቅሎ እያዞረች ደሞዝ ትበላለች።»

«ጥሩ እየሄዱ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ቀርቶዎታል።»

«በቀጥታ ብሄድ እኮ ዱሉዝ ከተማ ደርሼ ነበር።»

በመጀመሪያው ቀን 298 ሜትር ሄዱ። በአምስተኛው ወር 341። አርባ ሦስት ሜትር ጨመሩ፤ እንዲህ ያለ ሳንባ ደግሞ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሬይኖ ዙሩን በልባቸው ይቆጥሩ ስለነበር ከእኔ ቀድመው አወቁ። ኮታቸውን ሲለብሱ ብቻ «ለዴል እነግረዋለሁ» አሉ።

ስምንተኛው ጉብኝት ፌብሩዋሪ አሥራ አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ነበር። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ አምስት። ደም የምንወስደው በየሦስት ወሩ ስለሆነ የዚያን ቀን አልነበረም። በየቀኑ የሚሞሉትን ካርድ ሰጡኝ። ሃያ አንድ ቀን «አይከፋም» ይላል። የመጨረሻዎቹ ሰባት ቀናት ግን «ትንሽ ደከመኝ»።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ከንፈራቸው ነጭ ነው።

«ከባለፈው ጉብኝትዎ ወዲህ ጤናዎ እንዴት ነበር?»

«አይከፋም።»

ጻፍኩ። ከዚያ ብዕሬን እንደያዝኩ «ሬይኖ፣ ሌላ የሚነግሩኝ ነገር አለ?» አልኳቸው።

ሲያዩኝ ዓይናቸው ውስጥ ሳቅ ነበር። «ይሄ ከጥያቄው ውስጥ አለ እንዴ?»

«የለም።»

«እንግዲያው አትጨምሪ። ሙከራውን ታበላሺዋለሽ።»

ተነሥተን ወደ ኮሪደሩ ሄድን። ሁለት ጊዜ ቆሙ፤ የግድግዳውን ብረት ይዘው ቆሙ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ «ጥሩ እየሄዱ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ቀርቶዎታል» አልኩ። አሁን ሳስበው ድምፄ ያስጠላኛል። 262 ሜትር። «ጫማዬ ነው» አሉኝ።

ዶክተር ሃልቮርሰን ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ። ክፋት የሌለባቸው፣ ሁልጊዜ የሚቸኩሉ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ቆመው «ሬይኖ፣ እንዴት ነው?» አሉ፤ «አይከፋም»፤ «ዓሣው እየተያዘ ነው?»፤ «ትንሽ ትንሽ»፤ ፈረሙ፤ ሄዱ። እኔ ቅጹ ላይ «ድካም፤ ቀላል» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩ። ከሦስቱ ሳጥኖች የመጀመሪያው ነው። ሬይኖ ያሉት «ትንሽ» ስለሆነ፣ «ትንሽ» ደግሞ በጥናቱ መመሪያ ቀላል ስለሆነ።

ከዚያ በመስኮት አየሁ። ፒካፓቸው ውስጥ ገብተው ሞተሩን አስነሡ፤ ግን አልሄዱም። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ራሳቸውን መሪው ላይ አስደግፈዋል። ኮቴን ከመስቀያው አነሣሁ፤ አንዱን እጄን አስገባሁ። ያን ጊዜ ኦርቪል የሚባለው ተሳታፊ ቀጠሮው ደርሶ «ማርሊስ፣ አለሁ» እያለ ገባ። ኮቱን አወለቅኩ። ሁለተኛ በመስኮት ሳይ ፒካፑ የለም።

ቅዳሜ ዕለት ሬይኖ ሳውናቸውን፣ ጓሮ ያለውን የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ አሞቁ። ባለቤታቸው ኤልቪ ዘገዩ ብለው ሲሄዱ ልብስ ማውለቂያው ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። አንድ ቦቲ አውልቀው፣ አንዱን ሳያወልቁ ሞተዋል።

ሰው ሁሉ ሳንባቸው ነው አለ። የታወቀ በሽታ ስለነበረ አስከሬኑን የመረመረ የለም። እኔም ቅጹን ሞላሁ፤ «ሞት፤ ምክንያቱ የነበረው የሳንባ ሕመም መባባስ፤ ከሙከራው ኪኒን ጋር ግንኙነት የለውም።» ዶክተሩ ፈረሙ። ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች በላን፤ በመጋገሪያ ትሪ የመጣ ድንችና ሥጋ በላን። ሁሉም ሬይኖ ጠንካራ ሰው ነበሩ አለ። ዴል ከትሪዎቹ አጠገብ ቆሞ እጅ ይጨብጥ ነበር። ደጋግሞ ሳለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኤልቪና ዴል ቢሮዬ መጡ። ኤልቪ ትንሽ ሴት ናቸው፤ አፋቸው ግን ትንሽ አይደለም። የኪኒኑን ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«የተረፈ ይመለስ ይላል ወረቀታችሁ። ሬይኖ የሰው ዕቃ ይዞ ቀርቶ አያውቅም። ቁጠሪያቸው።»

ቆጠርኩ፤ ከሚተርፉት አንዲት አልጎደለችም፤ የየቀኑን ሳያስቀሩ ውጠዋል።

«በይ፣ አሁን ደግሞ ይሄን አንብቢልኝ» ብለው ከቦርሳቸው ካላንደር አወጡ።

ከብረታ ብረት ሱቁ በየዓመቱ በነፃ የሚሰጠው ካላንደር ነው፤ በየቤቱ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በእኛ አገር ወንዶቹ በአፋቸው የማይናገሩትን ካላንደር ላይ ይጽፋሉ፤ ብርዱን፣ በረዶውን፣ የተያዘውን ዓሣ፣ መኪናው ዘይት የተቀየረበትን ቀን። አባቴ እናቴ የሞተች ቀን «−4፤ ሄደች» ብሎ ነበር የጻፈው። ኤልቪ በቀብሩ ምግብ ላመጣው ሰው ሁሉ የምስጋና ካርድ ሊጽፉ፣ ስሞቹን ለመመዝገብ ካላንደሩን ሲያወርዱ ነው ያዩት።

ጃንዋሪ 28፤ −22። ነፋስ የለም። ሁለት ዓሣ። ሰገራ ጥቁር።

ጃንዋሪ 31፤ −9። በረዶ 3 ኢንች። ጥቁር። ደረጃው ላይ ዓይኔ ጨለመ።

ፌብሩዋሪ 5፤ −17። እንደ ሬንጅ። ዓሣ የለም።

ፌብሩዋሪ 11፤ −25። ሆስፒታል። 262። ማርሊስ ጨምራ ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም። ጥሩ ልጅ ናት።

የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ከዚያ በኋላ ፊደሉ አልታየኝም።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ኤልቪ።

«ሆዳቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር።»

«ስንት ቀን?»

«እስከ ቅዳሜዋ አሥራ ስምንት ቀን።»

ኤልቪ እጃቸውን ቦርሳቸው ላይ አጣጠፉ። «አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ድንች በልቷል» አሉ። «ጨው አቀብይኝ ብሎኛል።»

ያን ጊዜ ዴል ተናገረ። በሩን ተደግፎ እንደቆመ፣ ወለሉን እያየ።

«እኔ አውቅ ነበር።»

ኤልቪ አልዞሩም።

«ዓሣ ማጥመጃው ጎጆ ውስጥ ነው የነገረኝ። በሐይቁ በረዶ ላይ የቆፈርነውን ቀዳዳ እያየን። ‹ደም ነው መሰለኝ› አለኝ። ‹በል ተነሥ፣ ሆስፒታል› ስለው ‹ብናገር ሙከራውን ይዘጉታል› አለ። ‹ኪኒኑ እየሠራ ነው፣ አርባ ሦስት ሜትር ጨምሬያለሁ፤ አንድ ሽማግሌ ሆዱን አመመው ብለው ይዘጉብሃል› አለ። ይዘጉብሃል ነው ያለው። ይዘጉብኛል አላለም።»

«አንተስ ምን አልከው?» አሉ ኤልቪ።

«ምንም።»

ኤልቪ ወንበራቸውን ከልጃቸው ትንሽ አራቁ። ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

ዴል ወደ እኔ ዞረ። «ማርሊስ፣ አትላኪው።»

«ዴል።»

«ማንም አላየውም። አንቺ፣ እማዬ፣ እኔ። ኩባንያው ባለፈው ወር ራጅ አንሥቶኛል። ሁለቱም ሳንባዬ ታች ታቹ ነጭ ነው። ገባሽ? አባዬ ያን ሁሉ የቻለው ለምን ይመስልሻል? አሁን ከላክሽው በከንቱ ነው የሞተው።»

«ካልላክሁት በሦስት ዓመት አንተ ትውጠዋለህ።»

«እውጠዋለሁ እንግዲህ።»

«ደም ሲፈስስህስ?»

«አይከፋም እላለሁ» አለና ሳቀ፤ የአባቱ ሳቅ ነው፣ በአፍንጫ። ከዚያ ሳሉ መጣና ግድግዳውን ያዘ።

አልዋሽም፤ አመነታሁ። ያመነታሁት ለዴል ብዬ ብቻ አይደለም። ካላንደሩ ላይ ስሜ አለ። ጨምሬ እንደጠየቅሁ ተጽፏል፤ ይህ ማለት ጠርጥሬ ነበር ማለት ነው፤ ጠርጥሬ «ቀላል» የሚል ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ ማለት ነው። ወረቀቱ ቢጠፋ የሬይኖ ብቻ ሳይሆን የእኔም ጉድ አብሮ ይጠፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ የሰውየውን በሽታ አብሬ ደብቄያለሁ።

ኤልቪ ካላንደሩን በአንድ ጣታቸው ገፉልኝ። «የእኔ ግድግዳ ላይ ነው የተሰቀለው» አሉ። «ውሰጂው። እሱ አሥራ ስምንት ቀን ዝም አለኝ። ይሄኛው ደግሞ እንደ አባቱ ዝም አለኝ። አንቺም ዝም ልትይኝ ነው?»

ዴል በሩን ከፍቶ ወጣ። አልዘጋውም።

እያንዳንዱን ገጽ ቀድቼ የዚያኑ ዕለት ላክሁ፤ ስሜ ያለበትንም። ፕሬስተን በማግስቱ ደወለ።

«ማርሊስ፣ ይሄ ምን ዓይነት ሰነድ ነው?»

«የግድግዳ ካላንደር።»

«ማን ነው የሞላው?»

«የሞቱት ሰውዬ።»

ቀስ ብሎ «ትንሽ ደከመኝ ያሉት ከዚህ በኋላ ነው?» አለኝ።

«እኛ ዘንድ ‹ትንሽ›ም እንደ ‹አይከፋም› ነው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል ብዬ ስጽፍ በቀይ አሰመርክበት።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም ይሆናል። ስናገረው ግን ትንሽ ቀለለኝ፤ ከዚያ ደግሞ እኔም እንደፈረምኩበት ትዝ አለኝ።

ካላንደሩን ካዩ በኋላ በየቦታው መጠየቅ ጀመሩ። እንደ እኛ ካሉ ሌሎች ሦስት ከተሞች፣ በየቤታቸው «ደክሟቸው» የሞቱ አራት ሰዎች ተገኙ። የሁሉም ቅጽ «ከኪኒኑ ጋር ግንኙነት የለውም» ይላል። በአምስተኛው ሳምንት ሙከራው ቆመ፤ ማን የትኛውን ኪኒን እንደወሰደም ተገለጠ። ሬይኖ እውነተኛውን ኪኒን ነበር የሚወስዱት። አርባ ሦስቱ ሜትርም እውነት ነበር። ኪኒኑ ሳንባውን በእርግጥ ያግዝ ነበር፤ ሆድ ደግሞ ያደማ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ለአሥራ ሰባቱ ሰዎች ደውዬ ጠርሙሶቻችሁን መልሱ አልኩ። ኦርቪል ጠርሙሱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ለቀቅ አላደረገውም።

«እኔ ምንም አልሆንኩም እኮ። ደረጃ መውጣት ጀምሬ ነበር። ለምንድነው የምትቀሙኝ?»

«ኦርቪል፣ ሰው ሞቷል።»

«ያለዚህም እንሞታለን» አለ። ቅጠል ሲረግፍ ሞተ። የቀብሩ ዕለት ባለቤቱ ሰላም አላለችኝም፤ አልፈርድባትም።

ዴል ዓመት ከመንፈቅ አላናገረኝም። ገበያ አዳራሹ ውስጥ ሲያየኝ ጋሪውን ወደ ሌላ መደርደሪያ ያዞር ነበር። ጉድጓዱን ትቶ በር ላይ ጥበቃ እንደሆነ ከሰው ሰማሁ። ኤልቪ ግን በወር በወሩ እየደወሉ ስለ ብርዱ ይነግሩኝ ነበር፤ ስለሌላ ነገር አንነጋገርም።

በሁለተኛው ክረምት ያው ኪኒን በግማሽ መጠኑ እንደገና መጣ። ደም በየሁለት ሳምንቱ ይወሰዳል። የጥያቄው ወረቀትም ረዝሟል፤ ሦስተኛው መስመር ላይ «የሰገራዎ ቀለም ምን ይመስላል?» ይላል። ቅጹ የመጣልኝ ቀን በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። የሬይኖ ጥያቄ ነበረች፤ የማንም ስም የለባትም።

ከተመዘገቡት አንዱ ዴል ሆነ። ሲፈርም አላየኝም። በመጀመሪያው ጉብኝት 305 ሜትር፣ በሁለተኛው 301 ሄደ። ለጥያቄዎቹ በአጭሩ ይመልሳል፤ ቡናማ፤ የለም፤ የለም፤ አይከፋም። ግማሹ መጠን ይበቃው እንደሆነ፣ ወይም ባዶው ደርሶት እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ሦስተኛው ጉብኝት ባለፈው ማክሰኞ ነበር። አባቱ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዕድሜው በላይ አርጅቷል።

«ከባለፈው ጉብኝትህ ወዲህ ጤናህ እንዴት ነበር?»

«አይከፋም።»

አልጻፍኩም። ብዕሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ እጄን አጣጠፍኩ። መጨመር ክልክል ነው፤ ዝም ማለት ግን የትም አልተከለከለም። ይህን ለማወቅ ሰው መሞት ነበረበት። ዴል ወደ መስኮቱ አየ። ሰዓቱ ይሰማል። እኔ አልተነቃነቅሁም።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ በመጨረሻ።

«እየጠበቅሁ ነው።»

«መልሼልሻለሁ እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

ከጃኬቱ ኪስ ለአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «እማዬ ካልሰጠሃት ብላ ምላብኛለች። ቦታ የለውም እዚህ ብያታለሁ።»

«አለው። ‹ከቤት የመጣ ሌላ ጽሑፍ› የሚል ሳጥን አለ። ያን ሳጥን ያስጨመሩት አባትህ ናቸው።»

ዴል ወረቀቱን ገፋልኝ። ከብረታ ብረት ሱቁ ካላንደር የተቀደደ የዚህ ወር ገጽ ነው፤ ጽሕፈቱ የኤልቪ ነው፣ የተጫነ፣ በእርሳስ።

3፤ −11። ዴል መጣ። ሾርባውን አልጨረሰም። አይከፋም አለኝ፤ ውሸቱን ነው።

9፤ −20። ዴል መጣ። ካልሲውን ለማጥለቅ ሦስት ጊዜ አረፈ። የማላየው መስሎት በሩን ዘጋ።

16፤ −14። ዴል መጣ። ከፒካፑ እስከ በሩ ሁለት ጊዜ ቆመ። አባቱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ።

«ሁሉም ልክ ነው?» አልኩት።

ጆሮው ቀላ። የአባቱ ጆሮ ነው፣ ትልቅ። መስኮቱን እንዳየ ራሱን ነቀነቀ፤ «ሦስት ጊዜ ነው የቆምኩት» አለኝ። «የመጀመሪያውን አላየችም።»

ብዕሬን አነሣሁና ሦስት ብዬ ጻፍኩ።